ጓሳ፦ ያልታረሰው የመንዝ ሳር እንዴት ተረፈ?

ከደብረ ብርሃን አልፎ ጣርማ በር ላይ ከደሴው አስፋልት ወደ ግራ ተገንጥሎ የመሐል ሜዳን መንገድ የያዘ ሰው፣ ሲጓዝ ቆይቶ ማሳው ድንገት ያልቅበታል። እስከዚያ ድረስ ግራና ቀኙ የገብስና የባቄላ እርሻ፣ የድንጋይ ካብ፣ የበግ መንጋና ባሕር ዛፍ ነበር። ከዚያ ወዲያ ኮረብታውም ሸለቆውም ሳር ብቻ ይሆናል፤ ጉልበት የሚደርስ፣ እቅፍ እቅፍ ሆኖ የሚበቅል፣ ነፋስ በዞረ ቁጥር ከአረንጓዴ ወደ ብርማ የሚለዋወጥ ሳር። መንዝ ደግሞ መሬት የተረፈው አገር አይደለም። ገበሬው ድንጋይ ለቅሞ፣ ካብ ክቦ፣ በሬ በቅጡ የማይቆምበትን ተዳፋት ሳይቀር ይዘራበታል። ታዲያ ይህን የሚያህል መሬት ከማረሻ ማን አስጣለው?

አጥር የለውም። ለረጅም ዘመን የመንግሥት ጥበቃም አልነበረውም። ያቆየው ሳሩን አጥብቀው የሚፈልጉት የአካባቢው ሰዎች ራሳቸው ያወጡት የአጠቃቀም ሕግ ነው። ጓሳን ለመጎብኘት የሚሄድ ሰው ቀይ ቀበሮ ለማየት፣ ጭላዳ ለማየት ነው የሚሄደው፤ ደግም ያደርጋል። ሕጉን ሳያውቅ የሄደ ግን የሚያየው ውብ መልክዓ ምድር ነው እንጂ ጓሳን አይደለም። ቀበሮውም፣ ዝንጀሮውም፣ ምንጩም የተንጠለጠሉት ሳሩ መቼ ይታጨዳል፣ መቼስ ይከለላል በሚለው ውሳኔ ላይ ነው።

ቦታው

ጓሳ በሰሜን ሸዋ ዞን በመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ ውስጥ ይገኛል። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ስፋቱ ወደ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሲሆን ከፍታው በግምት ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። አባቶቻችን አገሩን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ እያሉ ሲከፍሉ ከሁሉም በላይ ያስቀመጡት «ውርጭ» የሚባለው ክፍል ነው ይህ። በበጋ ሌሊት ሙቀቱ ከዜሮ በታች ወርዶ ሳሩ በአመዳይ ነጭ ሆኖ ያድራል፤ በክረምት ደግሞ ጭጋጉ እጅን ዘርግቶ ጣትን እስከማያሳይ ይወፍራል።

ምሥራቃዊ ጠርዙ የስምጥ ሸለቆው አፋፍ ነው። ሳሩ ላይ ሲራመዱ ቆይተው መሬቱ ድንገት ይቆረጥና ከሥር የኤፍራታና የቀወት ቆላ ይታያል። የዝናቡ ውኃም በዚሁ ጠርዝ ይከፈላል። ወደ ምሥራቅ የወረደው ወደ አዋሽ ያመራል፤ ወደ ምዕራብ የፈሰሰው ጀማን ተቀላቅሎ ዓባይ ይገባል። ጥቅጥቅ ያለው ሳርና ከሥሩ ያለው ጥቁር እርጥብ አፈር ውኃውን ይዞ ቀስ እያለ ስለሚለቀው፣ ከጓሳ ሥር ያሉ ብዙ ምንጮች በበጋም አይነጥፉም። ቆላ ያለው ገበሬ ጓሳን አይቶት ላያውቅ ይችላል፤ ከውኃው ግን ይጠጣል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ማጥራት ያስፈልጋል፤ በእኛ አገር የተፈጥሮ ጥበቃ ሲባል በብዙዎች አእምሮ የሚመጣው ችግኝ ነውና። ዛፍ የሌለው ኮረብታ ሁሉ የተራቆተ ይመስለናል። ጓሳ ግን ደኑ ተመንጥሮ የቀረ ሜዳ አይደለም። በዚህ ከፍታ ብርዱ ትልልቅ ዛፍ በደንብ እንዲያድግ አይፈቅድም። ከእንጨት ወገን ጎልቶ የሚታየው አስታ ነው፤ እሱም በአብዛኛው ከቁጥቋጦ አያልፍም። በየቦታው ለብቻው እንደ ዘበኛ ተገትሮ የሚታየው ጅብራም፣ ግንዱ ዛፍ ቢያስመስለውም፣ ለዓመታት ቅጠል ሲያከማች ኖሮ አንድ ጊዜ ብቻ ረጅም የአበባ ዘንግ አውጥቶ የሚሞት ተክል ነው። እዚህ ባሕር ዛፍ መትከል መሬቱን ማልማት መስሎ የሚታየው ሰው፣ ምንጩን ለማድረቅና አይጦቹን ቤት ለማሳጣት እየተዘጋጀ መሆኑን ልብ አላለም።

ሳሩና ሕጉ

ቦታው ስሙን ያገኘው ከሳሩ ነው። ጓሳ ጠንካራ፣ ረጅምና ቀጭን ቅጠል ያለው ሳር ሲሆን ለመንዝ ቤት ከሞላ ጎደል ሁሉን ነገር ነበር። ቤት ይከደንበታል፤ በወጉ የተከደነ የጓሳ ጣሪያ ለብዙ ዓመታት ዝናብ አያስገባም። ገመድ ይገመድበታል። እረኛው በክረምት የሚለብሰው ገሳ ይሠራበታል። ከጭቃ ጋር ተቦክቶ ለግድግዳ ይሆናል፤ ለበዓል ይጎዘጎዛል። ከብቱም ይበላዋል፤ በተለይ በድርቅ ዘመን ሌላው ግጦሽ ሲያልቅ ጓሳ የመጨረሻው መሸሸጊያ ነው። አስታው ደግሞ ማገዶ ነው፤ ዛፍ በሌለበት በዚያ ብርድ ማገዶ ቀላል ነገር አይደለም።

እንግዲህ ችግሩን እንየው። ሁሉም የሚፈልገው፣ ባለቤቱ አንድ ሰው ያልሆነ ሀብት በእጅ አለ። እያንዳንዱ ገበሬ ለራሱ ሲያስብ ቶሎ ሄዶ ማጨድ ያዋጣዋል፤ እሱ ባያጭደው ጎረቤቱ ያጭደዋልና። ሁሉም እንዲህ ካሰበ ሳሩ ሳይረዝም ያልቃል። ደግሞም ጓሳ በብርድ አገር የሚያድግ ስለሆነ ቀርፋፋ ነው። ለክዳን የሚሆን ቁመት እንዲያወጣ ዓመታት መጠበቅ አለበት። በየዓመቱ የሚታጨድ ወይም ገና ጨቅላ ሳለ ከብት የሚለቀቅበት ከሆነ ለክዳን አይበቃም፤ በቦታውም ከብት የማይበላው ቁጥቋጦ እየተስፋፋ ይመጣል። ስለዚህ ጥያቄው ሁሉም እንዲታገሥ ማድረግ የሚችል ማን ነው የሚል ነው።

የመንዝ ሰው ለዚህ ያበጀው መልስ ቄሮ የሚባለው ሥርዓት ነው። አመጣጡ እስከ 17ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ይወሰዳል። በአካባቢው ትውፊት አስቦና ጌራ የሚባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች ጓሳን ለልጆቻቸው የጋራ አድርገው ከለሉት፤ ከእነሱ ዘር እቆጠራለሁ የሚል ሁሉ በጓሳ ላይ የርስት መብት ነበረው። መሬቱ አጽመ ርስት ነው፤ ተካፍለው የሚያርሱት ግን አይደለም፤ በጋራ ይጠብቁታል፣ በጋራ ይጠቀሙበታል። ሥርዓቱን በጥልቀት ያጠኑት ዶክተር ዘላለም ተፈራ በጓሳ ላይ የዶክትሬት ሥራቸውን በፈረንጆች 2001 ሲያጠናቅቁ ያሳዩት ትልቁ ነገር ይህ ነበር፦ ለሳር ተብሎ የወጣው ሕግ ሳያስበው የቀይ ቀበሮ ጠባቂ ሆኗል።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ባለመብቶቹ አንድ አለቃ ይመርጣሉ፤ አባ ቄራ ወይም አፈሮ ይባላል። ከእሱ በታች ሰው የሚደራጀው በየአጥቢያው ነው። ጓሳ ይዘጋል፤ መዘጋት ማለት ማጨድም፣ ማገዶ መልቀምም፣ ከብት ማስገባትም ክልክል ነው። መዝጊያው ጊዜ እንደ ሳሩ ሁኔታ ሦስት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ይደርሳል። ጥበቃው የሁሉም ግዴታ ነው፤ አቅም ያለው ወንድ በተባለው ቀን ወጥቶ ይቃኛል፤ የቀረም፣ ሕጉን የጣሰም ይቀጣል፤ ቅጣቱም ቀላል አልነበረም።

ሳሩ ደረሰ ሲባል አለቃው መክፈቻውን ቀን ያሳውቃል። ቀኑ ሰው በሚሰበሰብበት ቦታ ሁሉ ይነገራል፤ በቤተ ክርስቲያን፣ በገበያ፣ በለቅሶ። ይህ ትንሽ ዝርዝር አይደለም። መክፈቻውን አስቀድሞ የሰማና ያልሰማ ካለ የመጀመሪያው ሁሉን አጭዶ ይሄዳል፤ ስለዚህ ዜናው ለሁሉም እኩል መድረስ ነበረበት። ቀኑም የሚውለው በበጋው መጨረሻ አካባቢ ነው፤ ያን ጊዜ ሳሩ ዘሩን ጥሎ ደርቋል፤ ገበሬውም ለቤቱ ክዳንና ለከብቱ መኖ የሚፈልግበት ሰዓት ነው። በመጀመሪያ ማጭድ ይገባል። ሰው የሚፈልገውን አጭዶ ከወሰደ በኋላ ነው ከብት የሚለቀቀው፤ ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ከብቱ ግማሹን በልቶ ግማሹን ረግጦ ያበላሸዋልና። ክረምቱ ሲገባ ከብቱ ይወጣል፤ ጓሳም እንደገና ይዘጋል። ማጭድ ሥሩን አይነቅልም፤ ዝናቡ ሲመጣ ሳሩ ከዚያው ከእቅፉ ያቆጠቁጣል።

ሥርዓቱን ማድነቅ ተገቢ ነው፤ ማስጌጥ ግን አያስፈልግም። የጋራ ነው ሲባል የሁሉም ነበር ማለት አይደለም። ከአስቦና ከጌራ ዘር የማይቆጠር ሰው፣ እዚያው አገር ቢኖርም፣ በጓሳ ላይ መብት አልነበረውም። ሕጉ ጠንካራ የሆነበት አንዱ ምክንያት ማን ውስጥ፣ ማን ውጭ እንደሆነ ቁርጥ አድርጎ ማስቀመጡ ነው፤ ያ ቁርጥ መስመር ደግሞ ለተገለሉት ጭቆና ነበር። ይህን ሳይናገሩ ድሮን ብቻ የሚናፍቁ ጽሑፎች ብዙ ናቸው፤ አይጥሙኝም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን አስቀረ። በአዋጁ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሆነ፤ አዲሶቹ የገበሬ ማኅበራትም አስተዳደሩን ተረከቡ። ትናንት የተገለሉት መብት አገኙ፤ ይህ ፍትሕ ነበር። ነገር ግን ከርስቱ ጋር አባ ቄራውም፣ የመዝጊያው ዘመንም፣ የጥበቃው ግዴታም አብረው ፈረሱ። ሁሉም የሚገባበት፣ ማንም የማይዘጋው ቦታ ሲሆን የሳሩ ዕጣ ምን እንደሚሆን ለመገመት ምሁር መሆን አይጠይቅም፤ ማጨዱም ግጦሹም በረታ።

ጓሳ ከዚያ ያገገመው የድሮውን ሕግ መንፈስ በአዲሱ አደረጃጀት ውስጥ መልሰው ያቋቋሙ የአካባቢው ሽማግሌዎችና ገበሬዎች ስለነበሩ ነው። ዛሬ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥበቃ ሥፍራ ተብሎ በአማራ ክልል ሕጋዊ ዕውቅና አለው። በዙሪያው ካሉ ቀበሌዎች የተወከሉ ሰዎች ያሉበት ምክር ቤት፣ የተጻፈ መተዳደሪያ ደንብና ከአካባቢው የተቀጠሩ ጠባቂዎች አሉት። የፍራንክፈርት የእንስሳት ጥበቃ ማኅበርም ለዓመታት ደግፎታል። መብቱ አሁን የሚለካው በዘር ሐረግ ሳይሆን በነዋሪነት ነው። መዝጋትና መክፈት፣ መጀመሪያ ማጭድ ቀጥሎ ከብት የሚለው አሳብ ግን የአባቶች ነው።

ከሳሩ ሥር ያለው ሕይወት

አሁን ወደ እንስሳቱ እንምጣ፤ ከታች እንጀምር። የጓሳ ዋናው እንስሳ ቀይ ቀበሮ አይደለም፤ አይጥ ነው። ጥቅጥቅ ያለው ሳር ለአይጥ ምግብም፣ መደበቂያም፣ ብርድ መከላከያም ነው። ውርጩ የሳሩን ጫፍ ሲያነጣው ከእቅፉ ሥር ያለው መሬት ያን ያህል አይቀዘቅዝም። ስለዚህ በየእርምጃው ጉድጓድ ያጋጥማል፤ የሳር አይጥ፣ የፍልፈል ጉድጓድ። ለወትሮው አይጥ የሌሊት እንስሳ ይመስለናል፤ በዚህ ከፍታ ግን ሌሊቱ እጅግ ስለሚቀዘቅዝ ብዙዎቹ የሚንቀሳቀሱት ፀሐይ ላይ ነው። ይህችን ያዙልኝ፤ ጎብኚ በቀን ቀይ ቀበሮ የሚያየው በዚህ ምክንያት ነው።

ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ በዓለም የትም የለም። በአገራችንም ቢሆን የሚኖረው በጥቂት ተራሮች ጫፍ ነው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በባሌ፣ ቀሪው በአርሲ፣ በሰሜን ተራሮች፣ በወሎና በመንዝ። ለመራባት የደረሱት ተደምረው 500 አይሞሉም፤ በዓለም እጅግ ብርቅ ከሆኑ የውሻ ወገን እንስሳት አንዱ ያደረገውም ይህ ነው። ረጅም እግር፣ ቀጭን ረጅም አፍንጫ፣ ቀይ ጀርባ፣ ነጭ አንገትና ደረት፣ ጫፉ ጥቁር የሆነ ጅራት አለው። አፍንጫው የረዘመው ያለ ነገር አይደለም፤ አይጥን ከጉድጓዱ አፍ ለመልቀም የተሠራ ነው።

የኑሮው ጠባይ ያስገርማል። በቡድን ይኖራል፤ ማለዳና ማታ በአንድነት ግዛቱን እየዞረ ድንበሩን በሽንት ያሰምራል፤ ሌሊት ሜዳ ላይ ተጠጋግቶ ይተኛል። አደን ላይ ግን እያንዳንዱ ለብቻው ነው። አንዲትን አይጥ ለአምስት መካፈል አይቻልምና። ቀን ላይ አንድ ቀይ ቀበሮ ብቻውን ሆዱን ወደ መሬት አስጠግቶ፣ ጆሮውን አቁሞ ሲያደባ ካያችሁ ተነጥሎ የጠፋ አይደለም፤ ሥራ ላይ ነው።

በጉን ይበላል ወይ የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል። አልፎ አልፎ ግልገል ሊነካ ይችላል፤ ኑሮው ግን አይጥ ላይ ነው። በግ በመውሰድ ይበልጥ የሚታወቀው በዚያው አካባቢ የሚኖረው ተኩላ ነው። ችግሩ ሁለቱን ከሩቅ ያየ ሰው በአንዱ ጥፋት ሌላውን ሊቀጣ መቻሉ ነው።

ጭላዳ

ጭላዳም የኢትዮጵያ ብቻ ነው። በዘመዶቹ በሌሎቹ ዝንጀሮዎች ዘንድ የሌለ ሙያ አለው፤ ሳር ይግጣል። በዓለም ላይ ካሉ የዝንጀሮና የጦጣ ወገኖች ሁሉ ሕይወቱን በዋናነት በሳር የመሠረተ እሱ ብቻ ነው። ቁጭ ብሎ በሁለት እጁ ሳሩን ቶሎ ቶሎ እየነጨ ወደ አፉ ይልካል፤ ያለበት ሲያልቅ ሳይነሣ በቂጡ ተንፏቆ ትንሽ ይጠጋል። በበጋ ሳሩ ሲደርቅ በጣቶቹ መሬቱን ቆፍሮ ሥር ያወጣል። ደረቱ ላይ ያለው ፀጉር የሌለው ቀይ ቆዳም ከዚሁ ኑሮ ጋር ሳይያያዝ አይቀርም ይባላል፤ ሌሎች ዝንጀሮዎች በመቀመጫቸው የሚያሳዩትን ምልክት፣ ቀኑን ተቀምጦ የሚውለው ጭላዳ ደረቱ ላይ አድርጎታል። በወንዱ ላይ የቅላቱ ድምቀት ከቦታው ጋር ይሄዳል፤ ሴቶችን የያዘው አውራ ከሌላው ይልቅ ደማቅ ነው።

ሌሊቱን የሚያድረው ገደል ላይ ነው፤ ነብርና ጅብ በማይደርስበት የድንጋይ ጠርዝ ተደጋግፎ። ጠዋት ፀሐይ ገደሉን ሲነካ አንድ በአንድ ወደ ሜዳው ይወጣል። መጀመሪያ ግጦሽ የለም፤ ፀሐይ መሞቅ፣ ቅማል መልቀም፣ የሕፃናት ጨዋታ፣ የአውራዎች ዛቻ ነው። ከንፈሩን ገልብጦ ድዱንና ጥርሱን ሲያሳያችሁ ሳቅ አይደለም። አንድ አውራና ጥቂት ሴቶች ያሉበት ቤተሰብ የኅብረተሰቡ መሠረት ነው፤ ብዙ ቤተሰቦች ተደምረው በመቶዎች የሚቆጠር መንጋ ይሆናሉ። በጓሳ ከ1998 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በፒተር ፋሺንግና በንጋ ንጉየን የሚመራ የጥናት ቡድን አንድን መንጋ በየግለሰቡ ለይቶ ሲከታተል ቆይቷል። ስለ ጭላዳ ዛሬ የምናውቀው ብዙ ነገር የተገኘው ከዚያ ነው።

ከጥናቶቹ ሁሉ ግን አንዱ ለጎብኚ ዓይን የተለየ ነው። ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል ሲዘዋወር ደጋግሞ ይታያል። ጭላዳዎቹ ውሻ ሲያዩ ወደ ገደል የሚሮጡ እንስሳት ናቸው፤ ቀይ ቀበሮውን ግን ከቁም ነገር አይቆጥሩትም፤ ልጆቻቸው በቅርብ ርቀት ይጫወታሉ። እሱም ከመካከላቸው ሲገባ አረማመዱን ይለውጣል፤ ቀስ ይላል፤ አይሮጥም፤ ማንንም አያስደነግጥም። ለምን? ቪቬክ ቬንካታራማንና ባልደረቦቹ በፈረንጆች 2015 ያወጡት ጥናት ቆጥሮ አሳየ፦ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ ውስጥ ሆኖ ከሞከረው አደን 67 በመቶው ሲሳካለት፣ ብቻውን ሲሆን የሚሳካለት 25 በመቶው ብቻ ነው።

ምክንያቱ አንድም ጭላዳዎቹ ሲግጡና ሲቆፍሩ አይጦቹን ከመደበቂያቸው ማስወጣታቸው ሊሆን ይችላል፤ አንድም አይጧ በዙሪያዋ ብዙ እንስሳ ሲርመሰመስ የጠላቷን ኮቴ መለየት ስለሚያቅታት ይሆናል። በባሌም ቀይ ቀበሮ የከብት መንጋ ተከትሎ እንዲሁ እንደሚያድን ታይቷል። ታዲያ በጓሳ ይህ ሰላም ነፃ አይደለም። አንድ ቀይ ቀበሮ ግልገል ጭላዳ ሲነጥቅ ታይቶ ነበር፤ ጭላዳዎቹ ተረባርበው አስጥለው አባረሩት፤ ተመልሶ እንዳይገባም ከለከሉት። ውሉ ያልተጻፈ ነው እንጂ ውል አለ።

ከእነዚህ ሁለቱ ሌላ ሰስ፣ ሚዳቋ፣ ሽኮኮ፣ ጥንቸል፣ አነርና ጅብ አሉ። ለወፍ ወዳጅ ደግሞ ጓሳ ትልቅ ስጦታ ነው። ረግረጉ አጠገብ ክንፏ ሰማያዊ የሆነው የኢትዮጵያ ዝይ ትታያለች፤ ወፍራም ምንቃር ያለው ቁራ የምሳ ትራፊ ይጠብቃል፤ ገደሉ ላይ አጥንት ከሰማይ ጥሎ የሚሰብረው ትልቁ አሞራ ያንዣብባል። ዕድለኛ ከሆናችሁ ለሳይንስ ገና በፈረንጆች 1970ዎቹ የተዋወቀችውን፣ ስሟንም ከአንኮበር ያገኘችውን ትንሿን ቡናማ ወፍ በአፋፉ ላይ ታያላችሁ። ለማየት የማታጓጓ ወፍ ናት፤ የዓለም ወፍ ተመልካች ግን ለእሷ ሲል ብቻ ከአህጉር አህጉር ይበራል።

ለሚሄድ ሰው

ከመስከረም እስከ ኅዳር አገሩ በአበባ የተሸፈነ፣ አየሩም የጠራ ነው። ከታኅሣሥ ጀምሮ ደረቅና ብሩህ ይሆናል፤ ሌሊቱ ግን ይጨክናል፤ ባና ወይም ጥሩ የመኝታ ከረጢት የሌለው ሰው እንቅልፍ አያይም። ባናውን እዚያው ከመንዝ በግ ፀጉር የተሠራውን መሐል ሜዳ ገበያ መግዛት ይሻላል። ከአዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ለከፍታ እንግዳ ባይሆንም ተጨማሪው አንድ ሺህ ሜትር ራስ ምታት ሊያመጣ ይችላል፤ የመጀመሪያውን ቀን በዝግታ መራመድና ውኃ አብዝቶ መጠጣት ይጠቅማል። ፀሐዩም ብርዱን አምኖ ኮፍያ የተወውን ሰው ያቃጥላል።

በማኅበረሰቡ የተቋቋመ ማረፊያ ሎጅና የድንኳን መትከያ ቦታ አለ። መጀመሪያ ለጽሕፈት ቤቱ ራስን አሳውቆ የመግቢያ ክፍያ ከፍሎ፣ የአካባቢ መሪ ይዞ መውጣት ነው ሥርዓቱ። መሪው የትኛው መንጋ የት ገደል እንዳደረ ያውቃል። ጭላዳን ለማየት ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ አፋፉ ላይ መገኘት፤ ቀይ ቀበሮን ለማየት ደግሞ አንድ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቁጭ ብሎ በመነጽር ሜዳውን መቃኘት ነው። እየተራመደ የሚፈልገው ሰው ብዙ ጊዜ ጅራቱን ብቻ ነው የሚያየው። ቀይ ቀበሮ የሚወልደው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ስለሆነ መሪው «ከዚህ አናልፍም» ያለበት ቦታ ላይ ክርክር አያስፈልግም።

ለጭላዳ ምግብ መስጠት ክልክል ነው፤ ዳቦ የለመደ ጭላዳ ነገ የገብስ ማሳ ውስጥ ይገባል፤ የሚከፍለው ገበሬው ነው። ውሻ ይዞ መሄድ ደግሞ ከሁሉ የከፋው ጥፋት ነው። በባሌ ከውሾች የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ በተለያዩ ጊዜያት ቀይ ቀበሮዎችን በብዛት ጨርሷል፤ መንዝ ያለው ቁጥር ጥቂት ስለሆነ እንዲህ ያለውን አንድ ወረርሽኝ እንኳ የሚችል አይመስልም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት ምክንያትም ከመነሣት በፊት ስለ መንገዱ ደኅንነት እዚያው አካባቢ ካሉ ሰዎች መጠየቅ ግድ ነው።

ቀጥሎስ?

የጓሳ ሕግ የቆመው ሰው ሳሩን ስለሚፈልገው ነው። አሁን ግን መንዝ ውስጥ ቆርቆሮ ጣሪያ በየመንደሩ ያበራል። ቆርቆሮ የከደነ ሰው ለክዳን የሚሆን ረጅም ጓሳ እስኪደርስ ዓመታት የሚታገሥበት ምክንያት ይቀንስበታል፤ በጉ ግን አጭሩንም ሳር ይበላል። ማለትም ሚዛኑ ከማጭድ ወደ ግጦሽ እያደላ ነው። በልግ በተደጋጋሚ የሚከዳው ገበሬ፣ መሬት ያልደረሰው ወጣት፣ ከፍ ወዳለው መሬት የሚወጣ ገብስ፣ ሁሉም ጠርዙን ይገፋሉ። አዲሱ የጥበቃ አሠራር ለዚህ ያመጣው መልስ የጎብኚ ገቢ ነው፤ መልሱ ጥሩ ነው፣ ግን መንገዱ ሲዘጋ ይቆማል፤ ባለፉት ዓመታት ደግሞ መንገዱ በተደጋጋሚ ተዘግቷል። ስለዚህ የምክር ቤቱ ከባዱ ሥራ ጎብኚ በማይመጣበት ዓመትም ገበሬው ሳሩን ዘግቶ መጠበቅ የሚያዋጣበትን መንገድ ማግኘት ነው። እስካሁን ይህን የያዘው ድርቅ ነው፦ ክፉ ዘመን ሲመጣ ከብቱ የሚተርፈው ጓሳ ካለ ብቻ መሆኑን የመንዝ ሰው አይረሳም፤ መዝጋቱንም አሁንም የሚደግፈው በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው።